በሃያ ሦስት ቀን ልዩነት የተወለዱት ወንድማማቾች

ከቦስተን በስተደቡብ በምትገኝ ትንሽ ከተማ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት እንከባከባለሁ። ሥራዬ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ገበያ መሄድና ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን መያዝ ነው፤ ባለፈው ጥቅምት ግን ማንም ሳይሾመኝ የቤተሰባቸው ታሪክ ጸሐፊ ሆንሁ። ጥፋቱ የምላሴ ነው። ሻይ እየጠጣን ሳለ የዘራቸው መነሻ በፈረንጆች 1620 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ወደ አሜሪካ ባመጣችው በሜይፍላወር መርከብ እንደ መጣ ሲነግሩኝ፣ «እኛ አገር ሰው ሊያገባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይህንን ሥራ ለእኔ ይተዉልኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው በል የራስህን ሰባት ቤት ቁጠርልኝ አሉኝ። አባቴን፣ አያቴንና ቅድመ አያቴን ጠርቼ አራተኛው ላይ ስደርስ ሻዩ ትን አለኝ።

እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ሰባት ሳይሆን አሥራ ሦስት ትውልድ ነበር። በ1897 የተመሠረተው የሜይፍላወር ተወላጆች ማኅበር አባል ለመሆን «አያቴ ነግራኛለች» ማለት አይበቃም፤ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጆቹ ጋር በልደት፣ በጋብቻ ወይም በሞት ምዝገባ፣ ይህ ከሌለም በኑዛዜ መያያዝ አለበት። ደግነቱ ሟች እኅታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከየከተማው መዝገብ እየገለበጡ የሞሉት አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። የእኔ ድርሻ ያንን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ብቻ ነው።

የዘሩ ምንጭ ጆን ሃውላንድ ይባላል። ሰፋሪዎቹ የመሠረቷት የፕሊመዝ የመጀመሪያው ገዥ የጆን ካርቨር አገልጋይ ሆኖ የተሳፈረ ወጣት ሲሆን፣ መርከቧ በማዕበል ስትናጥ ወደ ላይ ብቅ ቢል ተንሸራትቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ይሁንና ከመርከቧ የተንጠለጠለ የሸራ ገመድ ጨብጦ፣ ውኃው ቢውጠውም ገመዱን ስላልለቀቀ፣ በመንጠቆ ጎትተው አወጡት፤ ይህንን የጻፈው በኋላ ገዥ የሆነው ዊልያም ብራድፎርድ ነው። ከ102ቱ ተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው የብርድ ወራት ሲያልቁ ሃውላንድ ተርፎ ኤልዛቤት ቲሊን አገባ፣ አሥር ልጆች ወለደ፣ አሥሩም ለአካለ መጠን ደረሱ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም ሁለቱ ቡሾችም ከእነዚህ ይወለዳሉ። አዛውንቷ ይህንን ሲተርኩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ገመዱን ይጨብጣሉ፤ እኔም ሻያቸው እንዳይደፋ ስኒውን ፈጥኜ አነሣለሁ።

በደብተሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስቸገረኝ። ብዙዎቹ ዓመታት «1672/3» ወይም «1716/17» እየተባሉ በሰረዝ ተከፍለው ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ዓመት በቅደም ተከተል አልደረድር ስላለኝ፣ ጸሐፊዋ እርግጠኛ ያልሆኑበት ቦታ መስሎኝ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆረጥሁት። እንዲያውም ሥራውን ያቀለልሁ መስሎኝ ኮራሁ። ሰንጠረዡ ያን ጊዜ ታዘዘኝ፤ በአሥራ አራት ቅጂ አትሜ፣ በሪባን አስሬ፣ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ከዶሮ ወጤ ጋር ይዤ ቀረብሁ።

ተርኪው ተቆርሶ ሁሉም በየሳህኑ እንዳቀረቀረ፣ ስለ ሥራዬ ጥቂት እንድናገር ተጋበዝሁ። ገመዱንና ማዕበሉን ሳወራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ያላስተዋለውን ነገር እንዳገኘሁ በኩራት ገለጽሁ፦ ከቅድመ አያቶቻቸው አንዲቱ በ1716 ማርች 11 አንድ ወንድ ልጅ፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 3 ደግሞ ሌላ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ከእንግዶቹ መካከል አንድ የማህፀን ሐኪም ነበሩ፤ ሹካቸውን በቀስታ አስቀምጠው «ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ?» አሉ። የምሰጠው ማብራሪያ ስላልነበረኝ «ጠንካራ ሴት ነበሩ» አልሁ። ከጠረጴዛው ጫፍ አንዱ፣ ምናልባት አባትየው ሁለት ቤት ነበራቸው ይሆናል ብሎ ሲያጉረመርም፣ አንዲት አክስት ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል አስወጧቸው።

አዛውንቷ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አስመጡና ጣታቸውን የቆረጥሁት ሰረዝ ላይ አሳረፉ። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ሕጋዊው ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ በ1716 ኤፕሪል በዓመቱ መጀመሪያ፣ ማርች 11 ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ በዛሬው አቆጣጠር ማርቹ የ1717 ነው፤ ሰረዙም የተሰመረው ይህንን ለመንገር ነበር። ታላቁን ታናሽ፣ ታናሹን ታላቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1672/3 ያረፈውን ሃውላንድንም፣ ማዕበል ያልቻለውን ሰው፣ አንድ ዓመት አስቀድሜ ገድዬዋለሁ።

በየእንቁጣጣሹ «ዓመታችሁ ለምን በሴፕቴምበር ይጀምራል?» ለሚሉኝ ሁሉ ሐተታ የምሰጥ ሰው፣ የመስከረም 2000 ልጅ የጳጉሜን 2000 ልጅ ታላቅ መሆኑን ሳልነገር ያወቅሁ ሰው፣ እዚህ መሰናከሌ አበገነኝ። ያ ማርች 25 እኮ በአሮጌው አቆጣጠር የእኛው መጋቢት 29፣ የትስብእት በዓል ነው! ገናን እንኳ የማያከብሩት፣ ፒዩሪታን የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ዓመታቸውን በብሥራት ቀን ሲጀምሩ ኖረዋል፤ ይህንን ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። መጽናኛ ብፈልግ አንድ አገኘሁ፦ የሃውላንድ ተወላጆች ራሳቸው አባታቸው የካርቨርን ልጅ እንዳገባ ለረጅም ዘመን ያምኑ ነበር፤ ስሕተቱ የታወቀው ጠፍቶ የነበረው የብራድፎርድ የእጅ ጽሑፍ በ1855 በለንደን ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት ከተገኘ በኋላ ነው። ይህንን ብናገር የሰማኝ አልነበረም፤ ሐኪሙ ገና እየሳቁ ነበር።

በማግስቱ አዛውንቷ አዲስ ወረቀት ዘርግተው፣ ሥራውን እንድለምድ በራሴ ቤተሰብ እንጀምር አሉኝ። እኔም ቁም ነገረኛ መስዬ የራሴንና የታናሽ ወንድሜን ልደት ከመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ አነበብሁላቸው፦ የእኔ ኦገስት 1985፣ የእሱ ጃኑዋሪ 1986። እኔ የነሐሴ 1977፣ እሱ የጥር 1979 ልጆች ነን፤ ቅጹን የሞላልን ሰው ለእኔ ስምንት ለእሱ ሰባት ደምሮ ኖሯል፣ እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አላየሁትም።

አዛውንቷ በጣታቸው ወራቱን ቆጠሩ፤ እንደገናም ቆጠሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘኔታ ተመለከቱኝና «እናትህም ጠንካራ ሴት ናቸው» አሉኝ።