ደጋኑ የተሰበረ ዕለት

ድሬዳዋ ውስጥ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር በኩል ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምሠራው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በር፣ መስኮት። ሰባት ዓመት ሙሉ እጄ ከመላጊያና ከመሮ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ መምህር መጥቶ "ተማሪዎቼ ቲያትር ሊሠሩ ነው፣ አዳኝ ሆኖ የሚጫወት ልጅ አለ፣ የምር የሚሳብ ደጋን ትሠራልኛለህ?" ሲለኝ ብዙም አላሰብኩበትም። "ከነገ ወዲያ መጥተህ ውሰድ" አልኩት።

ደጋን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የጥጥ መንደፊያውን ነው። አያቴ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው ነበራት። በልቤ የያዝኩት መልክም እሱን ነበር፦ ጎበጥ ያለ እንጨት፣ ከጫፍ ጫፍ የተወጠረ ጅማት። የጥጥ ደጋን ላይ ግን የሚሠራው ጅማቱ ነው፤ እሱ ይነዝራል፣ እንጨቱ ብዙም አይታጠፍም። ቀስት የሚወረውረው ደጋን ደግሞ ሥራው በሙሉ መታጠፍ ነው። ይህን ልዩነት ያወቅኩት እንጨቱ ፊቴ ላይ ሲፈነዳ ነው።

ከጓሮ፣ ከአሮጌ በር የተረፈ የወይራ ጣውላ አገኘሁ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? 170 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። መሀሉን ለመያዣ ወፈር አድርጌ ተውኩና ሁለቱን ክንዶች ወደ ጫፍ አሾልኳቸው። ከዚያ የለመድኩትን ሠራሁ። የሚታየውን ጎን፣ ማለትም ሲሳብ ወደ ውጭ የሚዞረውን ጀርባውን፣ በመላጊያ ላግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። መስታወት መሰለ። ቁም ሳጥን ቢሆን ኖሮ ደንበኛ እጁን እያስኬደበት የሚያደንቀው ዓይነት ነበር።

መምህሩ በቀጠሮው መጣ። የናይሎን ገመድ አሰርኩበት፣ ግቢው መሀል ቆምኩ፣ በአንድ ጊዜ እስከ ጆሮዬ ሳብኩት።

እንደ ጥይት ነው የጮኸው። የላይኛው ክንድ ከመያዣው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሰበረ፤ ቁራጩ ቅንድቤን ቀዶኝ አለፈና የቆርቆሮውን አጥር መታ። መምህሩ ከኋላዬ ነበር የቆመው። ጎኔ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ያገኘው ነበር። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ምክንያቱም ጎኔ እንዳይቆም የነገረው ሰው አልነበረም፣ እንዲያው እግሩ ነው እዚያ ያቆመው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሌላ ቀጠሮ ሰጠሁት፣ ሄደ።

ቁራጮቹን ሰብስቤ ለቡና ማፍያው ከሰል ማቀጣጠያ ላደርጋቸው ስል አለቃችን አስቆመኝ። ከ40 ዓመት በላይ እንጨት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ዲሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የምንለው፣ እሱንም እንደዚያው፣ ግን "ጋሼ" ማለት አይቀርም።

"አቦ ደምህን ታጠብና ና። እንጨቱን እንዳትጥለው።"

"ጋሼ፣ እንጨቱ ውስጡ የተበላ ነበር መሰለኝ። አታየውም?"

"የቱ ጋ ነው የተበላው? አሳየኛ።"

የተበላ ቦታ አልነበረም። ስብራቱ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ እንደ ብርዕ ጫፍ በሰያፍ ሾልኮ ነው የወጣው። አለቃዬ በጥፍሩ የእንጨቱን ክር ተከተለ። ክሩ ከመያዣው ይነሳል፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ጀርባው ያዘነብላል፣ ከዚያ እኔ አስውቤ የላግኩት ቦታ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ተቆርጧል። ስንጥቁም የተነሳው ልክ እዚያ ነው። ጥፍሩን እዚያ ላይ አቁሞ አየኝ እንጂ ምንም አልተናገረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ ሳቢው የሚዞረው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። የሚለጠጠው ጎን ላይ ያለው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ከተቆረጠ ያ ቦታ እንደ ልብስ ስፌት ይተረተራል። ቁም ሳጥን ላይ ይህ ችግር አይደለም፣ በር ላይም አይደለም፣ ማንም በር አያጥፍም። ለዚህ ነው ደጋን የሚሠሩ ሰዎች ቅርፊቱ ስር ያለውን የእንጨቱን የተፈጥሮ ገጽ ወይም አንዲት የዕድሜ ቀለበት ሳይነኩ ለጀርባ የሚተዉት። ቅነሳው ሁሉ ከሆዱ በኩል ነው። እኔ ደግሞ መነካት የሌለበትን ብቻ መርጬ ነው ያሳመርኩት።

ሁለተኛው ላይ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ክሩ ያልተቆረጠ እንጨት ከተፈለገ መጋዝ ያልነካው ክብ እንጨት ነው ብዬ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ አጠና ገዛሁ። እርጥብ ነበር። ልጣጩን አነሳሁና ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አወጣሁት፣ በግንቦት፣ በዲሬ ፀሐይ። በአራተኛው ቀን ሳወርደው ከሁለቱም ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባ ነበር፣ ራሱም ተጠማዝዟል። ውጩ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና ውሃ የያዘ ነው፤ መሄጃ ያጣው ጉልበት እንጨቱን ይቀደዋል። ከሁሉ በፊት ውሃ የሚያጣው ደግሞ ጫፉ ነው። የቤት ዕቃ ጣውላ ደርቆ ተገዝቶ ስለሚመጣልኝ ይህን በራሴ እጅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ከሐረር መጣ። ዘመዴ ግቢ ውስጥ ንፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ ነበር፣ ጭኔን የሚያክል፣ ጉጥ የሌለበት። በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኜ በደንገጎ ቁልቁለት አወረድኩት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ዲሬ 1,200 ሜትር ገደማ። እዚያ በቀዝቃዛ አየር የከረመ እንጨት እዚህ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከአጠናው ተምሬያለሁ። በዚያው ማታ ጫፎቹን በወፍራሙ ኮላ ቀባሁ። በነጋታው በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ ሰነጠቅኩት፤ ሽብልቅ ክሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ጠመም ካለም አብሮት ይጣመማል። ለደጋን የሚሆነውን መርጬ በደንቡ ቀነስኩት፣ ቀጠን ሲል ቶሎ ይደርቃልና። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቀልኩት።

መድረቁን የማወቂያ ዘዴ ያሳየኝ አለቃዬ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎረቤት ባለሱቅ ጋ ወስጄ በስኳሩ ሚዛን አስመዝነዋለሁ፣ ቁጥሩን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ባለሱቁ በሁለተኛው ሳምንት "ሰውዬ፣ እንጨትህ ከሳ እኮ" አለኝ።

ግን መምህሩ ደወለ፣ ቲያትሩ ተቃርቧል። ሚዛኑ ገና እየቀነሰ ነበር። ጀመርኩት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከለመድኩት አናጢነት ጋር ብዙም አይገናኝም። እንጨቱ ግድግዳ ላይ መያዣው ጋ ይታሰራል፣ ገመዱ በትንሹ ይሳባል፣ ሰው ራቅ ብሎ ሁለቱ ክንዶች እኩል መታጠፋቸውን ያያል። ጠንካራው ቦታ ይፋቃል፣ በመላጊያ አይደለም፣ በተሰበረ መስታወት፣ ከሆዱ በኩል ብቻ። ከዚያ 30 ጊዜ ያህል በቀስታ እየሳቡ መልቀቅ፣ እንደገና ማየት። የመጀመሪያውን በአንድ ጊዜ እስከ ጆሮዬ የሳብኩት ሰውዬ ይህንን በሁለት ጣት ርዝመት ነበር የጀመርኩት።

እዚህም ተሳሳትኩ። የታችኛው ክንድ መሀል ላይ አንድ ቦታ አልታጠፍ ያለ መስሎኝ ደጋግሜ ፋቅኩት፣ በነጋታው ስስበው ልክ እዚያ ላይ እንደ ክርን ታጠፈ። የእንጨት መታጠፍ ከውፍረቱ ጋር የሚሄደው ቀጥ ባለ ሒሳብ አይደለም። ስፋቱን በአንድ አሥረኛ ብትቀንስ ጉልበቱም በአንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ከ20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብታነሳ ግን ከጉልበቱ ሩብ በላይ ይሄዳል። ሁለት ሚሊ ሜትር! ለቁም ሳጥን መሳቢያ ትንሽ ክፍተት ነች፣ ለደጋን ግን ቤት ማፍረስ ነው። የተነሳ እንጨት ደግሞ አይመለስም። መፍትሔው ያን ቦታ ጭራሽ አለመንካትና የቀረውን ሁሉ ወደ እሱ ድካም ማውረድ ነበር። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ለመሳብ 16 ኪሎ ጉልበት እንዲጠይቅ የፈለግኩት ደጋን፣ በተንጠልጣይ ሚዛን ስንለካው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ተስቦ 11 ኪሎ ላይ ቆመ።

አልተሰበረም ግን። መምህሩ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ከኋላዬ አቆምኩት፣ ከዚያ ሳብኩለት። ልጁ ቀስት ሳይገባበት ስቦ እንዳይለቀው አደራ አልኩት፤ ቀስቱ ይዞት የሚሄደው ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ እንጨቱን ነው የሚመታው። ገመዱን ስፈታው ደጋኑ ቀጥ አላለም፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሆዱ ጎብጦ ቀረ። "ይሄ እንዲህ ነው የሚሆነው?" አለኝ። ሳይደርቅ ስለሠራሁት መሆኑን ነገርኩት፣ ዋጋውን በግማሽ ቀነስኩለት።

የመጀመሪያው ስብራት አሁን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያው የሐረር ቅርንጫፍ የተረፈው ግማሽ ደግሞ ጣሪያው ስር አለ፣ በእርሳስ የተጻፈበት ቁጥር አንድ ክንድ ሙሉ ሆኗል። የሚጠብቀው ደንበኛ የለም፣ ለራሴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሳስመዝነው ከቀዳሚው ሳምንት 20 ግራም ቀንሷል፤ መልሼ ሰቀልኩት።