አቦል ላይ የሚያልቅ ጉልበት

ሰኞ ገበያ ደርሼ ከተመለስኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። እስካሁን አልጋ ላይ ነኝ። በእግሬ አልሄድኩም፣ በባጃጅ ነው፤ ሽንኩርትና ድንች ገዛሁ፣ ከአንዷ ነጋዴ ጋር ትንሽ ዋጋ ተከራከርኩ፣ በባጃጅ ተመለስኩ። በቃ ይኸው ነው። በማግስቱ ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት አቃተኝ። ሽንኩርቱ ከነፌስታሉ በር ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ይቺን ጽሑፍ የምጽፋት ተኝቼ፣ በስልክ፣ እያቆራረጥኩ ነው። ከተንጋደደች ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ኮቪድ ይሁን ሌላ ሳይታወቅ አንድ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ጣለኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እኔ ግን አልተነሳሁም። እዚህ ደሴ ሰው ደከመኝ ሲል የሚዞርበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ነው፣ ኪኒኑን ትውጫለሽ። ካልተሻለሽ ደም ማነስ፣ ቀጥሎ ጨጓራ፣ ከዚያ እንቅርት፣ ከዚያ ስኳር። ምርመራው ሁሉ ደህና ሲሆን ሰው ደስ ይለዋል አይደል? እኔ "ምንም የለብሽም" በተባልኩ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። ምንም ከሌለብኝ ሰነፍ ነኝ ማለት ነዋ። አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የምውል ሰው ነበርኩ።

በ2015 አንድ ሐኪም ስሙን ነገሩኝ፤ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም፣ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ማለት ነው። ኤም ኢ የሚሉትም አሉ። በላቦራቶሪ አይታይም፣ ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ በምልክቱ ነው የሚለየው። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ፣ በደስታ። ስም አገኘሁ! ቀጥለው መፍትሔውን ነገሩኝ። "እህቴ፣ ሰውነትሽ ከሥራ ርቆ ላልቷል። በቀን አምስት ደቂቃ መራመድ ጀምሪ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ጨምሪ። ቢደክምሽም እንዳታቆሚ።"

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ። ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ መራመድ ቀልድ ነው፣ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ከቤቴ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ጉሮሮዬ መቁሰል፣ እንቅልፌ መሸሽ ጀመረ። በአራተኛው፣ ሃያ ደቂቃ በሄድኩ በሁለተኛው ቀን፣ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ፤ የመስኮቱ ብርሃን እንኳ ስላመመኝ ባለቤቴ በጋቢ ጋረደልኝ። አሥራ ሰባት ቀን እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ። ተመልሼ ሄጄ ስነግራቸው "እንቅስቃሴውን ፈርተሽዋል" አሉኝ። አዎ ፈርቼዋለሁ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ የኔው ግን ልጥ አልነበረም፣ ራሱ እባቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ በጥሩ ቀን ሁለት ገጽ።

ለካስ ምክሩ ሐኪሜ ከኪሳቸው ያወጡት አይደለም። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያዘዘው ነው፤ ቀስ በቀስ እየጨመሩ የሚሄዱት ስፖርትና የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ 641 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ፔስ የተባለ ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣና ሁለቱም ይሠራሉ አለ። ሕመምተኞቹ ግን ወረቀቱን ሲያገላብጡ ጉድ አገኙበት። ጥናቱ ውስጥ ታማሚ ተብሎ ለመግባት በአካል እንቅስቃሴ መለኪያው ከመቶ 65 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት ያስፈልግ ነበር። በኋላ "ዳነ" ለመባል ሌሎች መስፈርቶችም ነበሩ፣ በዚህኛው መለኪያ ግን 60 በቂ ሆነ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ። 65 ያመጣ ወድቋል፣ 60 ያመጣ አልፏል ብዬ ውጤት ብለጥፍ ወላጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ያድር ነበር።

አንድ አውስትራሊያዊ ሕመምተኛ ጥሬው መረጃ ይሰጠን አለ። ጥናቱን የሠራው ዩኒቨርሲቲ እምቢ አለ። ነገሩ ትሪቡናል (እንደ ፍርድ ቤት ያለ የዳኝነት አካል) ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2016 ይሰጥ ተብሎ ተወሰነ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ባስቀመጡት መስፈርት እንደገና ሲሰላ፣ በስፖርቱ ዳኑ የተባሉት ከመቶ 22 ወደ 4 ወረዱ። ተራ የሐኪም ክትትል ብቻ ያገኙት ደግሞ 3። አስቡት፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው ይህን ያስወጣው።

ናይስም መመሪያውን ከለሰ። እየጨመሩ የሚሄዱት ስፖርት አይሰጥ፣ የንግግር ሕክምናም ለመደገፍ እንጂ ለመፈወስ ነው ተብሎ አይሰጥ አለ። እሱም ቢሆን በቀላሉ አልወጣም፤ ነሐሴ ላይ ሊወጣ ሲል ትልልቆቹ የሐኪሞች ማኅበራት ተቃወሙና ቆመ፣ ሁለት ወር ገደማ ተጓተተ። በመጨረሻ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2021 ነው። በኛ ጥቅምት 19 ቀን 2014።

የደሴ ሰው ይህን ቀን ሲያነብ ሌላ ነገር ነው የሚታየው። እነሱ ለንደን ላይ "ሕመምተኛውን ከአቅሙ በላይ አትግፉት" ብለው ሲጽፉ፣ እኛ ከጦርነቱ ሸሽተን፣ እቃችንን በአንሶላ ቋጥረን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። ያኔ የበሽታዬን ስም እንኳ አላውቅም። እየተጎተትኩ ሄድኩ፣ እናቴ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለች። የዚያ መንገድ ዕዳ ሦስት ወር ሙሉ አስተኛኝ። ሁሉም ሰው ድንጋጤ ነው አለኝ፣ እኔም ነው ብዬ ተቀበልኩ።

እና ንዴቴ የቱ ጋ ነው? ሐኪሜ ላይ አይደለም፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ። መድኃኒት የለም መባሉም አይደለም፣ የለም ከተባለ እችለዋለሁ። የሚያናድደኝ እኔ በማግስቱ እወድቃለሁ ስል እንደ ማስረጃ አለመቆጠሬ ነው። ምክሩ በኛ 2015 ዓ.ም. ለኔ ሲሰጠኝ፣ ያወጣው ተቋም ራሱ ከሰረዘው ዓመት አልፎታል! ስፖርት ስሪ የሚለው ምክር ደሴ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም፣ ተዪው የሚለው ግን ምነው መንገድ ላይ ቀረ?

ሰፈር ውስጥም ሕክምናው ብዙ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ዱዓ አስደርገውልኛል፣ አክስቴ ጠበል ወስዳኛለች። ሁለቱንም በፍቅር ተቀበልኩ። (ጠበሉ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ፣ ባዶ ሆድ፣ ብርድ ላይ መሰለፍ አለው፣ እሱም አንድ ሳምንት አስተኝቶኛል። ለአክስቴ አልነገርኳትም።) እትዬ ዘሀራን የምወድላቸው አንድ ነገር አለ፤ ስመጣ "ዛሬ እንዴት ነሽ" ብለው ይጠይቁና የመለስኩላቸውን ያምኑኛል።

አሁን የምኖረው ቆጥቤ ነው። ወጥ የማማስለው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ልብስ ባጠብኩ ቀን አልታጠብም፣ ሰውነቴን በታጠብኩ ቀን እንግዳ አልቀበልም። ቡና ላይ አቦሉን ጠጥቼ እነሳለሁ። ወሎ ውስጥ በረካ ሳይደርስ የሚነሳ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ለቅሶ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የዕድሩ ሴቶች "እሷማ ፊቷ ደህና ነው" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ፊቴ ደህና ነው። የሚያዩኝ በቆምኩበት ቀን ነው፣ በወደቅሁበት ቀን ማን ያየኛል?

ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። አዲሱ መመሪያ ስለ ስፖርት ከሚለው ውስጥ አንድ ገጽ በእጄ ወደ አማርኛ ገልብጫለሁ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፣ በትምህርት ቤት ደብተር ወረቀት ላይ። ሐኪሜ እንግሊዝኛ ከኔ በላይ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፌን ግን ዓይተው ዝም ብለው አይጥሉትም ብዬ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞን ተኝቼ መዋል አለብኝ፣ ባለቤቴ ምግቡን ይሠራል። ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም።