ቅዳሜ በኢኑያማ

መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ናጎያ፣ ጃፓን

ከናጎያ ኢኑያማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እዚህ አገር በኖርኩባቸው ስድስት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ወደዚያች ከተማ ብቅ አለማለቴን ለሰው መናገር ያሳፍረኛል፤ የጎንደር ልጅ በመሆኔና የፋሲል ግንብን አጥር ታክኬ ትምህርት ቤት ስመላለስ በማደጌ የቤተ መንግሥት ጉጉት የለኝም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ዛሬም ከአልጋዬ ያስነሣኝ የኢኑያማ ጥንታዊ ግንብ ሳይሆን በፈረንጆቹ ኤፕሪል ወር የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ የሚከበረው በዓል ነበር። ቀኑ በእኛ መድኃኔዓለም ነው። ዕለቱ ጾም ላይ ስለሚውል ክብረ በዓሉ ወደ ጥቅምት 27 መዛወሩን እናቴ በልጅነቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ስለዚህ በሁዳዴ እምብርት ከበሮ ወዳለበት መሄዴ ትንሽ ሳይከነክነኝ አልቀረም።

በበዓሉ ቀን ግንቡን ማየት ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ከሰልፉ ጅራት ስደርስ ነው። ሆኖም ቆምኩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀው ጥበቃ በኋላም ጫማዬን አውልቄ፣ በተሰጠኝ ላስቲክ ከረጢት ይዤ ገባሁ። የካልሲዬ አውራ ጣት መቀደዱን ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነበር። የወለሉ ጣውላ ዘመናት ያለሰለሱት፣ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ደረጃ ከሚባል መሰላል ቢባል ይቀላል፤ ከፊቴ የሚወጡት አዛውንት ተረከዝ ግንባሬን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።

ግንብ የሚለው ቃላችን እዚህ በደንብ አይገጥምም። ድንጋዩ መሠረቱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እንጨትና ኖራ ነው። የዝነኛው የጃፓን የጦር መሪ የኖቡናጋ አጎት የሆነው ኦዳ ኖቡያሱ እ.ኤ.አ. በ1537 ከኪሶ ወንዝ ዳር ካለችው ኮረብታ ላይ አሠራው ይባላል። በመላው ጃፓን ከጥንቱ ዘመን በአካል የተረፉት የግንብ ዋና ሕንፃዎች 12 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ብሔራዊ ሀብት ተብለው ከተመዘገቡት አምስቱ አንዱ ይህ ነው። በየቀኑ በሩቅ የማየው የናጎያ ግንብ ግን እ.ኤ.አ. በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1959 በሲሚንቶ የተሠራ ነው። ከሁሉ የገረመኝ የባለቤትነቱ ታሪክ ነው፦ የ1891ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ሲጎዳው፣ መንግሥት ጠግናችሁ ያዙት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1895 ለቀድሞዎቹ ገዥዎች ለናሩሴ ቤተ ሰብ መለሰላቸው፤ እነርሱም እስከ 2004 ድረስ የግል ንብረታቸው አድርገው አቆዩት። ጣሪያው ያፈሰሰ እንደሆነ ቆርቆሮ እንደሚቀይር አባወራ የሚጨነቅለት ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ላይኛው ፎቅ ዙሪያውን በረንዳ አለው፤ መከታው ከጉልበቴ ብዙም ስለማይበልጥ ወንዙን ያየሁት ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው።

ከኮረብታው ሥር፣ ከሐሪፁና መቅደስ ፊት ለፊት፣ ሠረገላዎቹ ተሰልፈው ነበር። ያማ ይሏቸዋል፣ ተራራ ማለት ነው፤ 13 ናቸው፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰፈር ንብረት ሲሆን ሦስት ደርብና ስምንት ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከታችኛው ደርብ ሕፃናት ከበሮ ይመታሉ፣ ከመካከለኛው ሰዎች ተደብቀው ክር ይስባሉ፣ ከላይኛው ላይ አሻንጉሊቶች ይጫወታሉ። በዓሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1635 ነው። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በዚያው ሰሞን መሆኑ ትዝ ሲለኝ፣ ለማንም የማይነገር ሞኛሞኝ ደስታ ተሰማኝ።

ጎዳናው ጠባብ ስለሆነ ሠረገላው በራሱ አይዞርም። ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ጎኑን ከመሬት ያነሡትና ያን ሁሉ ቶን እያጓሩ ወደ ኋላ ያዞሩታል፤ ዶንዴን ይሉታል። አጠገቤ ሲያዞሩ የአንዱ ወጣት የአንገት ሥር እንደ ገመድ ተገትሮ፣ ዓይኑ ግን ከጀርባው ትእዛዝ ከሚሰጡት ሽማግሌ ላይ አልተነቀለም። መንኰራኩሩ ሲያርፍ የአስፋልቱ ንዝረት በጫማዬ ሶል ውስጥ ተሰማኝ።

ከአሻንጉሊቶቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው የሺንማቺ ሰፈር ኡራሺማ ነው። ተረቱን አጠገቤ የቆሙ አዛውንት ቀስ ብለው አስረዱኝ፦ ኡራሺማ የተባለ ዓሣ አስጋሪ አንዲት ኤሊ ያድንና ከባሕር በታች ወዳለ ቤተ መንግሥት ይወሰዳል፤ ጥቂት ቀን ተጋብዞ አገሩ ሲመለስ ግን ያለፈው ዘመን ነውና የሚያውቀው ሰው የለም፤ ሲሰናበት እንዳትከፍተው ተብሎ የተሰጠውን ሣጥን በጭንቀት ይከፍተዋል፤ ጢስ ይወጣል፣ እርሱም በቅጽበት ያረጃል። ከላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት ፊት በሸበተ ፊት ስትለወጥ ሕዝቡ አጨበጨበ። አዛውንቱም ወደ እኔ ዘወር ብለው «አንተስ ከአገርህ ከወጣህ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ። ስድስት አልኳቸው። «ገና ነህ» ብለው ሳቁ።

ምሳዬ ጎሄይ ሞቺ ነበር፤ ተደቁሶ በእንጨት ላይ የተጠፈጠፈ ሩዝ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ድልህ ተቀብቶ በከሰል ሲጠበስ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሻጯን እናት ወተት፣ ቅቤ ወይም ዕንቁላል እንዳለበት ብጠይቃቸው በጥያቄዬ ተገርመው የለበትም አሉኝ። ሁለት በላሁ፤ የጾም መሆኑ ይበቃኛል እንጂ ስስት መሆኑን አልክድም።

ሲመሽ በእያንዳንዱ ሠረገላ ላይ 365 የወረቀት ፋኖስ ተሰቀለ። በውስጣቸው ያለው አምፖል ሳይሆን ሻማ ነው። አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ እያንዳንዷን በእጁ ሲለኩስ፣ አንዷ በነፋስ ስትጠፋበት ተመልሶ ሲያበራት፣ ሌላዋም ስትጠፋ እንደገና ሲመለስ ቆሜ አየሁት፤ አንዴም አልተቻኰለም። ከዚያ ተራራው በሳኩራ አበባ ሥር መንቀሳቀስ ጀመረ። ፊቴን የነካው የሰም ሽታ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሽታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት ፎቶዎች ሁሉ ተንቀጥቅጠዋል።

ናጎያ ስደርስ እናቴ ደወለች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በእነርሱ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። የት ዋልክ ስትለኝ ነገርኳት፤ በመድኃኔዓለም ቀን ጭፈራ ማየቴን አልወደደችውም፣ የበላሁትን ዘርዝሬ ከነገርኳት በኋላ ግን ለዘብ አለች። ከዚያ የሰፈሩን ወሬ ጀመረች፤ መንገዱ መሰፋቱን፣ እነ እንትና ቤት መፍረሱን፣ የግንቡ ዙሪያ መታደሱን ነገረችኝና «ስትመጣ እኮ መንገዱ ይጠፋሃል» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ስለ ሠረገላዎቹና ስለ ሻማው ብዙ አወራኋት፤ ስለ ሣጥኑ ግን ዝም አልኩ።