የተላከው ኢሜይል የት ገባ?

ቢሮአችን ውስጥ በጥንቃቄዋ የምትታወቅ አንዲት ልጅ አለች። ቀጠሮ አታሳልፍም። ፋይል ከመላኳ በፊት የተቀባዩን አድራሻ ደጋግማ ታያለች። ይህቺ ልጅ በሰው ፊት ሥራዋን ችላ እንዳለች ተነገራት። ነገሩ አሁንም ያንገበግበኛል።

ለአንድ ደንበኛ የምናስረክበው የዲዛይን ሰነድ ነበር። ሥዕል የበዛበት፣ 20 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ፒዲኤፍ። የማስረከቢያው ቀን ያን ዕለት ያበቃል። ልጅቷ ጠዋት በኢሜይል ላከችው። ኢሜይሉ መላኩን ነገራት፣ የተላኩት መሀል ገባ። እሷም ወደ ሌላ ሥራዋ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ደወለ። ምንም አልደረሰኝም አለ። አለቃችን ወደ እሷ መጡ።

"ምነው፣ ረሳሽው እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጠዋት ነው የላክሁት። ይኸው ይዩት።"

ስክሪኑን አዞረችላቸው። አዩት። "እሺ፣ በይ ድገሚው" ብለው ሄዱ። ደገመችው። አሁንም ተልኳል ይላል። ደንበኛው ጋ ግን አሁንም የለም። ሰውየው እንደገና ሲደውል የአለቃችን ድምፅ ተለወጠ። "ለሥራው ግድ ቢኖርሽ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አሏት፣ ሁላችንም እየሰማን። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ማስረጃው ፊት ለፊቷ ተከፍቶ እያለ የሚያምናት ጠፋ።

የአይቲ ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። መጀመሪያ የጠየቃት፣ "አይፈለጌ መልእክት የሚገባበትን አይተሽዋል?" ብሎ ነው። ከፈቱት። ሜይለር ዴመን ከሚባል ላኪ የመጡ መልእክቶች ተቀምጠዋል። ርዕሳቸው እንግሊዝኛ ነው፣ አባሪ አላቸው።

"እነዚህንማ አይቻቸዋለሁ" አለች። "የማላውቀው ላኪ፣ አባሪ ያለው፣ አትክፈቱ ብላችሁን የለ?"

እውነቷን ነው። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት የሰለጠንነው ከዚሁ ከአይቲ ክፍል ነው። የተባለችውን በትክክል አድርጋለች። ያልተነገራት አንድ ነገር ነው፦ ኢሜይል ሳይደርስ ሲቀር መርዶውን የሚያመጣው ይሄው ማንም የማያውቀው ላኪ መሆኑ።

መልእክቱ ሲከፈት መሀሉ ላይ 552 የሚል ቁጥር አለ። ኢሜይል የሚያመላልሱት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሰርቨሮች፣ እርስ በርስ ሲነጋገሩ በ4 የሚጀምር ቁጥር "ለጊዜው አልተቻለም፣ ቆይተህ ሞክር" ማለት ነው። በ5 የሚጀምረው ግን ቁርጥ ነው፣ አልቀበልም ማለት ነው። የእኛ ፋይል ከልኩ አልፏል ተብሎ ተመልሷል።

እዚህ ላይ ሁላችንም ግራ ገባን። የደንበኛው ሰርቨር እስከ 25 ሜጋባይት ይቀበላል። የእኛ ፋይል 20 ነው። ታዲያ እንዴት ከልክ አለፈ?

ባለሙያው ሲያስረዳን ነው የገባን። ዛሬም የምንጠቀምበት የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያኔ የታሰበው ለተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ፎቶና ፋይል አያይዞ የመላክ ደንብ የወጣው በ1992 ነው። እሱም ቢሆን የድሮውን መንገድ አልቀየረም። ፋይሉ ወደ ተራ ፊደላት ተለውጦ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ፊደል፣ ማለትም 4 ባይት፣ ይሆናል። ዕቃ በሣጥን ሲታሸግ እንደሚከብደው ማለት ነው። 20 የነበረው መንገድ ላይ ወደ 27 ይጠጋል። የእኛ ሰርቨር ከዚያ በላይ ስለሚፈቅድ ተቀብሎ "ተልኳል" አለ። የደንበኛው ደግሞ በሩ ላይ መለሰው።

ፋይሉን ኦንላይን ማስቀመጫ ላይ ጭነን ሊንኩን ላክንለት። ሊንኩም መጀመሪያ "ፈቃድ ጠይቅ" ብሎ አስቸገረው። ማየት እንዲችል ከፈትንለት፣ ደረሰው፣ ቀኑም አላለፈም።

አለቃችን ተመልሰው መጡና ሁላችንም ባለንበት "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አጥፍቻለሁ" አሏት። ይህን ስላደረጉ አከበርኳቸው። በሰው ፊት የተወቀሰን ሰው ቢሮ ዘግቶ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም።

የሚያናድደኝ ግን የሶፍትዌሩ ነገር ነው። ተቀባዩ ሰርቨር "እኔ እስከዚህ ድረስ ነው የምቀበለው" ብሎ ገና ከመነሻው መናገር የሚችልበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ። ማሽኖቹ ተነጋግረው ሊግባቡ ይችላሉ። ሰው ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ በቁጥርና በማይነበብ ጽሑፍ ተጠቅልሎ የሚቀርበው።

በቻት መተግበሪያዎችም እንዲሁ ስንቱ ተቀያይሟል። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ ራይት ማለት መልእክቱ ስልኩ ላይ ደረሰ ማለት ነው እንጂ ሰውየው አነበበው ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ ግን ሁለት ራይት ማለት ተከፍቷል ማለት ነው። ቴሌግራምን የለመደ ሰው ዋትስአፕ ላይ ሁለቱን ራይት ያይና "አንብቦ ዘጋኝ" ይላል። ሰውየው ስልኩን ገና አልነካውም።

አሁን ቢሮአችን ውስጥ ከበድ ያለ ፋይል በሊንክ ነው የሚሄደው። የጊዜ ገደብ ያለው ነገር ስንልክ "ሲደርስዎ አንድ መስመር ይጻፉልን" እንላለን። የአይቲ ክፍሉም ሥልጠናው ላይ የተመለሰ ኢሜይል ምን እንደሚመስል በሥዕል ጨምሮበታል። አጠራጣሪ ከሆነብን ደግሞ ሳንከፍተው እነሱን እንጠራለን።

ኢሜይል የምትሠሩ ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። የተመለሰውን ኢሜይል የተላኩት መሀል ከደረሱት ጋር አንድ ላይ አትደርድሩብን። እዚያው ላይ በቀይ "አልደረሰም፣ ፋይሉ በዝቷል" በሉን። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ በምንረዳው ቋንቋ ጻፉልን።