ጣት ላይ የቀረ ብልጭልጭ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ረቡዕ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም.። ረቡዕ ቢሆንም ልደት ነውና ጾም የለም፤ ደስ ብሏችሁ ብሉ። እኛ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን የተመለስነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ጋደም ብላለች። ልጆቹ የሚመጡት ወደ ቀትር ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እኔ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። የታኅሣሥ ፀሐይ ሥራዋን ታውቃለች። ሌሊት አጥንት የገባውን ብርድ ከጉልበት ጀምራ ቀስ እያለች ታወጣዋለች።

ጡረታ ከወጣሁ ይህ ስድስተኛ ገናዬ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ 38 ዓመት የሠራሁት ፖስታ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ በመለየት። ለሌላው ሰው ገና በዓል ነው፤ ለእኛ ግን ጎርፍ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ይጀምራል። መጀመሪያ የፈረንጆቹ ይመጣል፣ ለታኅሣሥ 16 እንዲደርስ የተላከው። እሱ ሳያልቅ የእኛው ይከተላል። ከረጢት በከረጢት ላይ ይቆለላል። ከሞስኮ፣ ከሃቫና፣ ከሮም፣ ከዋሽንግተን። የተማሪ ልጅ ካርድ፣ የባል ካርድ፣ ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ የከረመ ወንድም ካርድ። የዚያን ጊዜ ካርዶች ላይ ብልጭልጭ ነገር ይነሰነስ ነበር። ፖስታው በደንብ ካልታሸገ ይረግፋል። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እጄን ትይዝና መብራት ላይ ታየዋለች። ጣቴ ያብረቀርቃል። «አሃ፣ ገና ደረሰ» ትላለች። ሳሙናም አያስለቅቀውም። እንጀራ ስቆርስም ያብረቀርቅ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ብዙ ሰው «ቀኑ ይረዝምብሃል» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከብደውኛል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዐይኔ ይገለጣል፤ የምሄድበት የለኝም። ማንም አይጠብቀኝም። ያንን ስሜት ያየ ያውቀዋል። ዘንድሮ ጡረታ የወጣችሁ ወዳጆቼ፣ አሁን እዚያ ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ያልፋል። በምን እንዳለፈልኝ ልንገራችሁ። በቡና ነው ያለፈልኝ። 38 ዓመት ሙሉ አቦሉን ጠጥቼ የምነሣ ሰው ነበርኩ። ቶና የምጠጣው እሑድ ብቻ ነው። በረካን ግን ሌሎች ሲጠጡት ነው የማየው። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሦስተኛውን ቀድታ አቀበለችኝ። ቀጠን ያለ ነው፤ ስኒው ውስጥ ብርሃን ይገባል። ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። የሚጣራ ሰው የለም። የምሮጥበት ሰርቪስ የለም። እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ነግራኝ የማታውቀውን የልጅነቷን ገና አወራችኝ። ያን ጊዜ ነው ጡረታ መውጣቴ የገባኝ።

ሌላም አለ። ጋዜጣን ከፊት ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ። ከምሳ በኋላ ዳማ። ዕድር ቤት ወንበር ሲደረደር ማገዝ። ማታ ማታ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔ የእጅ ጽሑፏን አያለሁ፤ እሷ ስልኬ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ፊደሎች ታነብልኛለች። ዘንድሮ ፖስታ ላይ አድራሻ እንዴት እንደሚጻፍ አስተማርኳት። መጀመሪያ ስም፣ ከሥሩ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ከሥሩ ከተማ። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ጻፈች። ስትጨርስ «አሁን ብቻውን ይሄዳል?» አለችኝ። አዎ ልጄ፣ ብቻውን ይሄዳል።

ያ ፖስታ ሊሄድ የሚገባው ወደ አንድ ሰው ነበር። ስለሱ ሳልጽፍ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ መዝጋት አልቻልኩም።

ባለፈው ሐምሌ የሥራ ጓደኛዬን ቀበርኩ። ደብዳቤ በምንለይበት ጠረጴዛ ላይ 22 ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። እሱ ለመቆም ግራውን ይመርጣል፣ እኔ ቀኙን። ከሰው ስም ይልቅ የሳጥን ቁጥር ነበር የምናስታውሰው። እሱ ደግሞ የሞላውን ሳይሆን ባዶውን ነው የሚያየው። በገና ዋዜማ ሳጥኖቹን በዐይኑ ይቃኝና «ለእኚህ ሰውዬ ዘንድሮም አልመጣላቸውም» ይላል። ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል። እስከ መጨረሻዋ ከረጢት ድረስ የዚያን ሰው ቁጥር ይፈልጋል። አግኝቶ የሮጠበትን ቀን አልረሳውም። ዋዜማው ላይ ነው፣ 11 ሰዓት አልፎ። ሰውዬው ሳጥናቸውን ዘግተው ሊሄዱ ሲሉ ከውስጥ ሆኖ ተጣራ። «አባባ፣ ይቆዩ!»

ሥራውን ይወድ ነበር። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሲመጣ ሥራ ከማሳየቱ በፊት ታሪኩን ይነግረዋል። ፖስታችን በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን መቋቋሙን፣ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መምጣታቸውን፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል መሆናችንን። «ይህን ከረጢት ስትሸከም የብቻህ እንዳይመስልህ» ይላቸዋል። አንድ ልጅ ከደመወዙ ለጡረታ 7 በመቶ መቆረጡን እያነሣ ሲያማርር ሰማው። «ይህ እኮ ለራስህ የምትልከው ደብዳቤ ነው» አለው። «መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ጨምሮ ቴምብሩን ይለጥፍልሃል። 60 ዓመት ሲሞላህ ሳጥንህን ትከፍታለህ።» ኑሮ በተወደደበት በዛሬ ጊዜ ያ ደብዳቤ ብዙ ቀን አያደርስም፤ ጡረተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም በየወሩ ባንክ ስሄድ ያ ንግግሩ ትዝ ይለኛል።

በየዓመቱ መስከረም 29 ጠዋት ይደውልልኛል። የዓለም የፖስታ ቀን ነው። ከእኛ ሌላ የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። «እንኳን አደረሰህ» ይላል፤ እስቃለሁ፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። ዘንድሮ መስከረም 29 ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። መሞቱን አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ አፈር አልብሻለሁ። ግን ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ያን ዕለት ነው ያለቀስኩት።

እኔና እሱ ጡረታ ከወጣን በኋላ አንድ ልማድ ነበረን። ቤታችን በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይራራቅም። ግን በየገናው ካርድ በፖስታ እንላላካለን። ቴምብር ለጥፈን፣ ማኅተም ተመትቶበት። ቀኑን አይስትም። በ2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበርና ገና 28 ዋለ። እኔ በልማድ 29 ብዬ ጻፍኩ። የእሱ ካርድ ሲደርሰኝ «ታኅሣሥ 28» ይላል፤ 28ቷን ሁለት ጊዜ አስምሮባታል። እሷን ካርድ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬያታለሁ።

ሰኞ ዕለት ቸርችል ጎዳና ወርጄ ሳጥኔን ከፈትኩ። ምን ፈልጌ እንደሄድኩ አላውቅም። አንድ የባንክ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። አወጣሁትና ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ሳጥኑ ጀርባው ክፍት ነው። በዚያኛው በኩል 38 ዓመት ቆሜያለሁ፤ በዚህኛው በኩል ጎንበስ ብዬ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። የአንድ ወጣት እጅ አየሁ። ጎን ካለው ሳጥን ወረቀት ይከታል። በፍጥነት፣ ግን ጠርዙን ሳያጥፍ። ጥሩ እጅ ነው።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ» አልኩት በሳጥኑ ውስጥ።

እጁ ቆመ። ከዚያ ፊቱ ብቅ አለ። «እንኳን አብሮ አደረሰን አባቴ» አለኝ። «የሚጠብቁት ነገር ነበር?»

«የለም፣ ደርሶኛል» አልኩት። ምን ልበለው?

ከዚያ ወደ ቤቴ መመለስ አልቻልኩም። ታክሲ ይዤ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በር ከፈቱልኝ። ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም። እትዬ ነው የምላቸው፤ በዕድሜም ይበልጡኛል። ቡና ለማፍላት ሲነሡ «አይልፉ እትዬ» ብላቸው «የሱ ጓደኛ መጥቶ ደረቁን ሊሄድ ነው?» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ኮት ኪሴ ውስጥ ያምናው ካርድ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ሲያዩት «ምን ጽፎልህ ነበር? ለኔ አሳይቶኝ አያውቅም» አሉ። መነጽራቸው አልነበረም። እኔ አነበብኩላቸው።

«ጉልበቴ ደህና ነው» ይላል። «ሐኪሙ ተራመድ ስላለኝ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር እንወጣለን። ቶሎ ቶሎ መሄድ እችላለሁ። ግን እሷ እንዳይደክማት ቀስ እላለሁ። አልነገርኳትም።»

እትዬ ከሰሉን ማራገብ አቆሙ። ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «እኔ ለሱ ብዬ ነበር ቀስ የምለው።»

ሁለታችንም ብዙ ቆየን። ቡናው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ አልተነሡም። ስወጣ ካርዱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። «ላንተ የተጻፈ ነው። በየገናው እየመጣህ አንብብልኝ» አሉ። እሺ ብያለሁ።

እንግዲህ የዘንድሮ ምስጋናዬ እንዲህ ነው።

እትዬ፣ ቤትዎን ስላልዘጉብን እግዜር ይስጥልን። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጓደኛዬ አልጋ አጠገብ የነበርሽው ነርስ፣ ስምሽን አልጽፍም፤ ሌሊት ሌሊት ወንበርሽን ለኔ ለቀሽ ቆመሽ ያደርሽውን አልረሳውም። ከሳጥኑ ጀርባ ያለኸው ወጣት፣ «የሚጠብቁት ነገር ነበር?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ አመሰግንሃለሁ። ያ ጥያቄ የሥራው ግማሽ ነው። ትንሿ ጎረቤቴ፣ ያን የጻፍሽውን ፖስታ ለእትዬ አድርሼዋለሁ። ብቻውን አልሄደም፤ እኔ ይዤው ሄድኩ። ትራስጌያቸው አስቀምጠውታል። ባለቤቴ፣ ስለ በረካው።

ቶሮንቶ ያለኸው ልጄ፣ በቪዲዮ ስትደውል ደስ ይለኛል። ልጆችህ ሲስቁ አያለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ ወረቀት አንሣና በእጅህ ጻፍልኝ። ሁለት መስመር ይበቃል። የሳጥን ቁጥሬን ታውቀዋለህ፤ በልጅነትህ ቁልፉን የምትይዘው አንተ ነበርክ።

እናንተም ወዳጆቼ፣ ከትናንት ጀምሮ ቴሌግራሜ በሥዕል ተሞልቷል። ሻማ፣ አበባ፣ ኮከብ፣ ወርቃማ ፊደል። ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ግን አንዱ ሥዕል ከ11 ሰው ደረሰኝ። ለ100 ሰው ፎርዋርድ የምታደርጉትን ለ99 አድርጉት። ለአንዱ ስሙን ጽፋችሁ ላኩለት። እገሌ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? እገሊት፣ ልጅሽ ተሻላት? ይህን የምለው ቅር ብሎኝ አይደለም። ባዶ ሳጥን የሚያይ ሰው አጠገቤ ቆሞ ስለኖረ ነው። በዚህ በዓል ሳጥኑ ባዶ የሆነበት ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ሳይመሽ ደውሉለት።

ከቀያችሁ ርቃችሁ፣ በመጠለያ ሆናችሁ፣ ልጃችሁ የት እንዳለ ሳታውቁ ገናን የምታሳልፉ ወገኖቼ፣ ለእናንተ የምመኘው አንድ ነገር ነው። ደህና ነኝ የሚል አንድ ወሬ ይድረሳችሁ። የዚያ ወሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በእጄ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ነቅታለች። ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ትንሿ ልጅም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ላይ እየሮጠች ነው። ዘንድሮ እሷ በእጇ የሠራችልኝ ካርድ አለ። ኮከቡን ብልጭልጭ በሆነ ነገር ቀብታዋለች፤ አልደረቀም። ይህን ስጽፍ ስልኬም ጣቴም አብሮ እያብረቀረቀ ነው።

በዚህ ሰሞን ፀሐይ በረንዳችን የምትደርሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወንበር አለ። ቡናው እስከ በረካ ነው። ኑ።