ነጥብ ነጥብ

ዛሬ ካርቶን ሳገላብጥ አንድ የድሮ ኮሚክ፣ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሔት፣ ወጣ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። የእህቴ ልጅ ነጠቀችኝና አፍንጫዋ ገጹን እስኪነካ ተጠግታ አየችው። «ውይ! ፊቱ እኮ ነጥብ ብቻ ነው!»

እውነቷን ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣም ኮሚክ የሚታተመው እንዲህ ነበር፤ ርካሽ ወረቀት፣ አራት ቀለም። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ በቃ። የፊት ቀለም የሚገኘው ቀይና ቢጫ ነጥብ ተቀላቅሎ ነው። ራቅ ስትል ፊት፣ ስትጠጋ የቆዳ ሽፍታ! ማተሚያው ትንሽ ከሳተ ደግሞ የጀግናው ከንፈር ጉንጩ ላይ ያርፋል።

ታዲያ ኮሚክ ዛሬም ልብ የሚሰርቀው ለምንድነው? ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም፤ ልጅቷ ምን ናፍቋት ነው? ገጹ ላይ በአንዱ የሥዕል ሳጥን ቡጢው ተሰንዝሯል። በሚቀጥለው ሰውየው ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ምቱ ራሱ የትም አልተሳለም። እሱን የምንሞላው እኛ ነን፤ ድምፁንም፣ ፍጥነቱንም። ለዚህ ይሆናል ከኮሚኩ የተሠራው ፊልም ሲወጣ «ኧረ የኔ ጀግና ድምፁ እንዲህ አይደለም!» ብለን የምንሟገተው።