ኦክቴንና ዘነዘና

አማቴ አዳማ እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብተው ወደ አሰላ የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ፣ እኔ ሾፌር ብቻ ሳልሆን የነዳጅ ሊቅም ሆኜ ነበር። በዋዜማው ምሽት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችውን ራቭ ፎራችንን መመሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገልጥ፣ ለቤንዚኑ ኦክቴን 87 ከሚለው አጠገብ በቅንፍ 91 የሚል ቁጥር አገኘሁ፤ 87ቱ ለከተማ፣ 91ዱ ደግሞ ሰውና ዕቃ ተጭኖ ዳገት ለሚወጣበት ቀን መሆኑን ማንንም ሳልጠይቅ ደምድሜ ተኛሁ።

በማግስቱ ከረጅም ሰልፍ በኋላ ተራዬ ሲደርስ ቀጂውን «91 ሙላልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና 91 ሊትር የት ታስገባዋለች?» አለኝ።

ስለ ኦክቴን ማስረዳት ስጀምር ከኋላዬ የተሰለፉት ባጃጆች በጥሩምባ አጀቡኝ። ልጁ ግን በትዕግሥት «እዚህ ያለው ቤንዚንና ናፍጣ ነው፤ የቱን ልቅዳ?» ሲለኝ፣ አኩርፌ ቤንዚኑን አስቀዳሁ።

ደራን አልፈን ወደ ኢተያ የሚወስደውን ዳገት እንደ ጀመርን ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፈርቼም ደስ ብሎኝም ነበር፤ ያልኩት ደርሷላ! ኦክቴን ማለት ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ፣ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበት ልክ መሆኑን፣ ልኩ ካነሰ ሞተሩ እንደሚያንኳኳ ለቤተሰቡ አስተማርኩ። አማቴ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ «ኦክቴን ነው፣ እማማ» ብዬ አረጋጋኋቸው። ለሞተሩ አዝኜ ቀስ ብዬ ስነዳ፣ ሽንኩርት እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ እንኳ ቀድሞኝ ሄደ።

በመጨረሻ ዳር ይዤ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ መካኒክ ወዳጄ ዘንድ ደወልኩ። ሳቁን ሲጨርስ፣ አሜሪካኖች ሪሰርችና ሞተር የሚባሉ ሁለት የፍተሻ ውጤቶችን ደምረው ለ2 በማካፈል 87 የሚሉትን ቤንዚን፣ በሪሰርች ፍተሻ ብቻ የሚለኩት አገሮች 91 ገደማ እንደሚሉት፣ ቁጥሮቹም የአንድ ነዳጅ ሁለት ስሞች መሆናቸውን ነገረኝ። ይባስ ብሎም፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ የሲሊንደሩ ግፊት እንደሚቀንስና ማንኳኳቱም እንደሚያንስ እንጂ እንደማይብስ ጨመረልኝ።

«ለመሆኑ ድምፁ ከፊት ነው ከኋላ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የኋላውን በር ስከፍት አማቴ ከአዳማ ገበያ የገዙት ሙቀጫ ተጋድሞ፣ ዘነዘናው ከውስጡ ወጥቶ በየመታጠፊያው በሩን ሲደበድብ የቆየ መሆኑን አየሁ።

አማቴ ዘነዘናውን ተቀብለው በነጠላቸው ከጠቀለሉት በኋላ እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

«ዘነዘናዬ ነው ልልህ ስል ኦክቴን ነው አልከኝ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ስሙን ቢያውቅ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»